ምች የሚባለው ሰውዬ

ሳውዲ ገብቼ ሾፌርነት በጀመርኩ በወሩ ትኩሳት ያዘኝ፤ ከንፈሬም አብጦ ቆሰለ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰው ነኝና አስተርጓሚ መለመን አላማረኝም። ሐኪሙ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ፣ በለቃቀምኳት ዓረብኛ ልክ እንደ አገሬ፣ «ደረበኒ ምች» አልኩት፤ ምች መታኝ ማለቴ ነው።

ከንፈሬን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ምች ማን ነው?»

«ፀሐይ ላይ ነው የመታኝ» አልኩት።

መድኃኒት ስጠብቅ ፖሊስ መጣ። «ይሄ ምች ሐበሻ ነው?»

«አዎ፣ እኛ አገር ብዙ አለ።»

አሠሪዬ ተጠራ። በሽታ ነው ብዬ ብምል ብገዘትም አልሰማኝም። «ተደባዳቢ ቤቴ አላስገባም!» ብሎ በአውሮፕላን አሳፍሮ ወደ አገሬ መለሰኝ። አንድ ሐበሻ ጠርተው ቢጠይቁ እኮ ያልቅ ነበር! እኔስ ምነው ዝም ብዬ ከንፈሬን በጣቴ ባሳየሁ!

ይኸው መካነ ሰላም ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። በቀደም አተኮሰኝና እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «አብሽር ልጄ፣ ምች ነው የመታህ» አለች።

«ኧረ እማ፣ ቀስ ብለሽ» አልኳት፤ «ፖሊስ እንዳይሰማሽ።»