ጉም ያላስቀረው ጉባኤ

ያን ቀን ጠዋት አውሮፕላን እንደማይመጣ በኪቪክ መንደር ውሾቹ ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ማኮብኮቢያውን ውጦታል። ታታ (አያት ማለት ነው) የምንላቸው ሽማግሌው ሳይላስ ግን ጥሩ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ የደረቀ ዓሣ በከረጢት ይዘው፣ ሜዳው ዳር ግንድ ላይ ቁጭ ብለዋል። እዚህ በአላስካ ጫፍ ባለው አገራችን ሽማግሌ አንዴ ቆርጦ ከተነሣ ማን ደፍሮ ይናገረዋል!

የሚናገራቸው ሰው ግን በአጋጣሚ ተገኘ። የእህታቸው የልጅ ልጅ ቬርና፣ ከተማ ተምራ መጥታ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የሆነችው፣ የማኮብኮቢያውን መብራት ልታይ በሞተሯ ብቅ አለች።

"ታታ፣ ምን እየጠበቁ ነው?"

"አውሮፕላን ነዋ።"

"ፓይለቱ እኮ ገና አልጋው ውስጥ ነው!"

"ይነሣል። ዕድሜ ልኩን የሚተኛ ሰው የለም።"

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የአውራጃው ምክር ቤት በዋናው ከተማ ተሰብስቦ፣ ተማሪዎቹ አነሱ ተብሎ፣ የኪቪክ ትምህርት ቤት ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን ይወስናል። በምክር ቤቱ የኪቪክ ወንበር የታታ ሳይላስ ነው። ልጃቸውን ባሕር ከወሰደው ወዲህ የሚኖሩት ከምራታቸው ከማርታና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው። ማርታ ደግሞ "ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ልጆቼን ይዤ ከተማ እገባለሁ" ብላ ቁርጡን ተናግራለች። እሳቸው ደግሞ ከተማ የሚኖሩ ሰው አይደሉም። ስለዚህ በዚያ ዕድሜያቸው ባዶ ቤት መቅረትን ፈሩ፤ በጣም ፈሩ።

"በስልክ ይሰብሰቡ፣ ታታ። ተፈቅዷል እኮ።"

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር አታንሺብኝ! አንዴ ተሰብስቤበት አይቼዋለሁ። ባለፈው መኸር፣ አንድ የነዳጅ ጋን ለኪቪክ ይሰጥ ወይ ሲሉ እሺ አልኩ። እነሱ ግን 'ሳይላስ መልስ አልሰጠም' ብለው ጻፉና ጋኑን ለሌላ መንደር ሰጡት። ፊቱ ያልታየ ሰው ይሰረቃል። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል አልሰማሽም? ስብሰባ ማለት አብሮ መቀመጥ ነው። ማን እንዳፈረ፣ ማን እንደዋሸ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣቀሰ አያለሁ። በስልክ ምን ይታየኛል?"

"እሱስ እውነትዎን ነው። ፊት ለፊት የመሰለ ነገር የለም። ጉሙ ቢገለጥ እኔው ራሴ ተሸክሜ ባሳፈርኩዎት። ግን ዛሬ ያለዎት ወይ ስልክ ነው ወይ መቅረት።"

ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ተማሪ ከከተማ ሲመለስ በሽማግሌ መሳቅ ይቀናዋል። ይህች ልጅ ግን የሽማግሌውን እውነት አስቀድማ ተቀብላ ነው ክርክሯን የጀመረችው። እኔን ከዲግሪዋ ይልቅ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

"መቅረት ይሻለኛል። የቀረ ሰው አይዋረድም" አሉ ታታ ሳይላስ።

"ለመሆኑ ያን ጊዜ ምን ብለው ነው የመለሱላቸው?"

"እሺ ነዋ! ነገርኩሽ እኮ።"

"እንዴት አድርገው? እስቲ ያሳዩኝ።"

ታታ ሳይላስ፣ በአገራችን ጨዋ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሁለቱን ቅንድቦቻቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

ቬርና አፏን በእጇ ያዘች። አልሆነላትም። ከሞተሩ ወርዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ምን ያስገለፍጥሻል?"

"ታታዬ! ቅንድብ እኮ በስልክ አይሰማም!"

እኛ ዘንድ እሺታ በቅንድብ፣ እምቢታ አፍንጫ በመሸብሸብ ነው፤ አፍ ለረዥም ነገር ይቀመጣል። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ቀላ።

"ኧረ ይቅር ይበለኝ!" አሉ። "እኔ እኮ እነዚያን ሰዎች ሌባ ስላቸው ከረምኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር!" እሳቸውም ሳቁ። ወዲያው ግን ተኮሳተሩ። "ቆይ፣ ሰብሳቢውስ 'ሳይላስ፣ አለህ ወይ?' ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?"

"ምንም። ጥፋቱ የእነሱም ነው። ደንቡ የተለወጠው እኮ እንዲህ ያለው ነገር ስለበዛ ነው። አሁን አንድ አባል እንኳ በስልክ ካለ ድምፅ የሚሰጠው ስም እየተጠራ ነው። ካልሰሙ ደግመው ይጠራሉ። መስመሩ ከተቋረጠ እስኪቀጠል ይቆማሉ።"

"አጠገቤ ተቀምጦ የሚያንሾካሹክብኝስ ሰው?"

"ማን አብሮዎት እንዳለ አስቀድመው ይናገራሉ። ደግሞ ማንም አያንሾካሹክም፤ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስለማደርገው መንደሩ በሙሉ ይሰማል።"

"መንደሩ በሙሉ? እነሱ ደግሞ ምን ቤት ናቸው?"

"ስብሰባው የሕዝብ አይደል እንዴ? እስከ ዛሬ የምንሰማው እርስዎ ተመልሰው የነገሩንን ብቻ ነበር።"

"ታዲያ ምን አጎደልኩባችሁ?"

"ምንም አላጎደሉም። ብቻ ስለ ምሳው የሚነግሩን ትንሽ ይበዛ ነበር።"

"ባለጌ!" አሉና ከግንዱ ተነሥተው ሞተሩ ላይ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሰው ሻዩን ይዞ መጣ፤ ማርታም ልጆቿን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች። የሰብሳቢው ድምፅ ከማጉያው ወጣ።

"አቶ ሳይላስ፣ ይሰሙኛል? አብሮዎት ማን አለ?"

"ኪቪክ" አሉ ታታ ሳይላስ።

ሰብሳቢው፣ "ጥሩ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከሕዝቡ የሚናገር አለ?" ሲል ጠየቀ።

ማርታ ልጆቿን ለጎረቤቷ ትታ ወደ ስልኩ መጣች። ልጆቿን ጥላ በአውሮፕላን ሄዳ ስብሰባ የምትገባበት ቀን ኖሯት አያውቅም።

"ማርታ እባላለሁ" አለች። "ከተማ እገባለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ግን መሄድ አልፈልግም። ባሌን የወሰደው ባሕር እዚህ ነው። አማቴም እዚህ ናቸው፤ እኔ ሌላ አባት የለኝም። ዘጠኝ ተማሪ ብቻ ትላላችሁ። የኔዎቹ ሲሄዱ ስድስት ይቀራሉ። ያን ጊዜ የሌሎቹም እናቶች ጓዛቸውን ይሸክፋሉ። እባካችሁ አታስኬዱን።"

ታታ ሳይላስ ይህን በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ሰምተውት አያውቁም። ለካ እሷም እንደሳቸው ፈርታ ኖሯል። እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም።

ስም ይጠራ ጀመር። ሦስት ሰው ይዘጋ አለ፤ ሦስት ሰው አይዘጋ አለ።

"አቶ ሳይላስ?"

የሽማግሌው አፍንጫ ተሸበሸበ። ቬርና ከንፈሯን ነከሰች፤ ስለ እሳቸው መመለስ አትችልም።

"አቶ ሳይላስ፣ አልሰማንም።"

"አይዘጋም!" ብለው ጮኹ፤ ሕፃናቱ ደነገጡ።

"ኧረ ሰምተናል፣ ሰምተናል" አለ ሰብሳቢው። "በአራት ድምፅ፣ ትምህርት ቤቱ አይዘጋም።"

የሆነውን ጫጫታ አልነግራችሁም። ጥቅሙን ግን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉም ወረደ ተብሎ መንደራችን ድምፁን አያጣም። የታመመም፣ ጡት የምታጠባም ከቤቱ ሳይርቅ ይናገራል። የተባለውንም ሁላችን እኩል እንሰማለን። ወዳጅን ፊት ለፊት ማየት የሚተካው የለም፤ በመቅረት ግን ማንም ተጠቅሞ አያውቅም።

ጫጫታው ሲበርድ ሰብሳቢው፣ "አቶ ሳይላስ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አየሩ ጥሩ ይሆናል አሉ። ወንበርዎ ይጠብቅዎታል" አለ።

ታታ ሳይላስ ዞር ብለው ሕዝቡን አዩ፤ ማርታን አዩ።

"አልመጣም" አሉ።

"ምነው? ቅር ያሰኘንዎት ነገር አለ?"

"የለም፣ ልጄ። ብቻዬን ከመጣሁ ይህን ሁሉ ሰው ማን ያመጣልሃል?"