የየኔታ መንበሩ ትምህርት ቤትና ፈንጣጣ

የኔታ መንበሩ ያን ቀን የተነሡት በጎ ሥራ ሊሠሩ ነበር። ሰው ትልቁን ጥፋት የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ በጎ ልሥራ ብሎ ሲነሣ ነውና፣ መንገድ ላይ እንዳላማው የሚባል ሰው ባይገጥማቸው ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል።

የኔታ ከዲማ በታች ባለች አንዲት የገጠር ደብር ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩ፣ ፊታቸው በልጅነት ፈንጣጣ የተበሳሳ አዛውንት ናቸው። ዘመኑ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠበት፣ ገጠሩን ደግሞ አርበኛው የያዘበት ነበር። በበቅሏቸው ሆነው ወደ ቁይ ሲወርዱ ኮርቻው ላይ አንድ ቅል ማር አንጠልጥለዋል። ማሩ ቁይ ለሚኖረው ለአቶ ቢተው ነው። ቢተው ያገሩ ከታቢ ሲሆን፣ ፈንጣጣ ከወጣበት ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ልጅ ክንድ በምላጭ በጣ አድርጎ ይቀባል። ልጁ ታሞ ከዳነ ዳግመኛ ፈንጣጣ አይደፍረውም። ካልዳነም ማሩ አይመለስም።

ከወንዙ ሲደርሱ አንድ ጎልማሳ ጨርቅ ውሃ ውስጥ እየነከረ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ላይ ሲጠቀልል አገኙት። ቀና ብሎ አያቸውና ነጠላውን አጣፍቶ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማነህ አንተ? እንዳላማው! የድሮ ተማሪዬ! አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ገባ ሲሉ ሰምቼ፣ በዚያው ጠላት ፈጀው ብዬ ፍታትህን በልቤ ጨርሼልህ ነበር እኮ!»

«ቸኩለዋል» አለ እንዳላማው እየሳቀ። «አሁን የአርበኛ ቁስል ሳስር ነው የምውል። እርስዎስ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«ቢተውን ላመጣ። አለበል የሚባል የቆሎ ተማሪዬ ትናንት ፈንጣጣ ወጣበት። መግል ሲቋጥር ልጆቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ አስከትቤ ልገላገል ብዬ ነው።»

የእንዳላማው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። «አለበል የት ተኝቷል?»

«ከጓደኞቹ ጋር፣ ከጎጆው ነዋ! የት ይተኛ?»

«ጓደኞቹስ?»

«ያስታምሙታል። በየተራ ያጎርሱታል፤ በደበሏቸው ያለብሱታል። የልጄ የዘሪቱ ልጅ ሙሉዬ እንኳ ዳዊቷን አስቀምጣ ላቡን ስትጠርግለት ነው ትቻት የመጣሁ። ‹ታምሜ ጠይቃችሁኛል› ያለውን የጌታን ቃል በአፍ ብቻ አላስተማርኋቸውም።»

የኔታ ይህን ሲናገሩ ኩራት ነበረባቸው። ሙሉዬን በስም ያነሡትም በከንቱ አይደለም። የዘሪቱ ባል በዚያው ዓመት በጦር ሜዳ ወድቆ ለዘሪቱም ለእሳቸውም የቀረችላቸው ያቺ ልጅ ብቻ ናት። ፈንጣጣም ገና አልያዛትም።

«የኔታ፣» አለ እንዳላማው፣ «ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ልናገር። ያንን ልጅ ከሌሎቹ ካልለዩት በአንድ አለበል ምክንያት ትምህርት ቤትዎ ባዶውን ይቀራል።»

«ልለየው? ከቤቱ ርቆ ለቃለ እግዚአብሔር ብሎ የመጣ ልጅ፣ ታመመ ብዬ እንደ ውሻ ላባርረው? ይህን ነው ሐኪም ቤት ያስተማሩህ?»

«ሐኪም ቤት አይደለም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። በኦሪት ሕግ ደዌ ከቆዳው ላይ የታየበትን ሰው ካህኑ ምን ያደርገዋል?»

የኔታ ሳይወዱ በግድ፣ «ሰባት ቀን ይዘጋበታል» አሉ።

«ካልነጻስ?»

«ከሰፈር ውጭ ይኖራል። አንተ ልጅ፣ ከመጽሐፉ የምትፈልገውን ብቻ እየመረጥህ አትጥቀስብኝ! ኦሪቱ ስለ ለምጽ ነው። ወንጌሉ ደግሞ ጠይቁ ይላል።»

«ይጠየቅ እንጂ! አስታማሚውን እንምረጥ ነው የምልዎ። ፈንጣጣ አንድ ጊዜ ይዞ የለቀቀውን ሰው አይመለስበትም። እርስዎ ፊትዎ ምስክር ነው። እርስዎ ያስታምሙት፣ ሲወጡም ልብስዎን ይለውጡ፣ ይታጠቡ። ልጆቹ ግን ይራቁ። አለበል ራሱም ቅርፊቱ እስኪረግፍ ድረስ ትምህርት አይግባ።»

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል ያሻል። የኔታ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ፍቅራቸው ትክክል ነበር፤ የጎደላቸው የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለደቀ መዝሙር ብቻ መስሎ የሚታየው ጠምጣሚ ብዙ ነው፤ የኔታ ግን ከዚያ ወገን አልነበሩም። ከበቅሏቸው ወርደው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እሺ፣ ይህስ ይሁን» አሉ። «ቢተው ምን አደረገህ? እኔ ራሴ በአባቱ እጅ የተከተብሁ ነኝ። ፊቴ ቢበሳሳም ይኸው አለሁ።»

«አብሮዎ የተከተበ ሰው ነበረ?»

«ታናሽ ወንድሜ።»

እንዳላማው የወንድማቸውን ወሬ አልጠየቀም። የኔታ ግን ራሳቸው፣ «እሱን ቀበርነው» አሉ።

«ነፍስ ይማር። የቢተው መግል ራሱ ፈንጣጣው ነው፣ የኔታ። የተከተበው ልጅ ሲታመም ያልተከተበው ጎረቤቱ ከእሱ ይወስዳል። አንዱን ቤት እናድናለን ብለን አገሩን እንለኩሳለን። እኔ በዚህ ሣጥን፣ ሙቀት እንዳያበላሸው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ የያዝሁት ክትባት ከላም የተገኘ ነው። ክንዱ ላይ አንዲት ቁስል ያወጣል፣ ትንሽ ያተኩሳል፣ ይደርቃል። ወደ ሌላ ሰውም ፈንጣጣ አያጋባም።»

«የከብት ደዌ በክርስቲያን ልጅ ክንድ!»

«ወተቷን በክርስቲያን ልጅ አፍ እናደርግ የለም?»

የኔታ ሳቃቸው መጣና ዋጡት። «ከየት አመጣኸው?»

እንዳላማው ይህን ጥያቄ ሲፈራው ነበር፤ ቢሆንም አልዋሸም። «ከደብረ ማርቆስ፣ ከጣሊያን ሐኪም ቤት። እዚያ የሚሠራ አንድ ወዳጄ በድብቅ አወጣልኝ።»

የኔታ ብድግ አሉ። «ከሰማይ መርዝ ያዘነበብን ሰው እጅ! ይህንን ነው ለልጆቼ የምትወጋው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ!»

«መጠርጠርዎ ደግ ነው፤ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ግን ጣሊያን ይህን ያስመጣው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለራሱ ወታደር ነው። ይህም የመጣው ለራሱ ወታደር ከሚወጋው ብልቃጥ ነው። ሰው ለገዛ ወታደሩ መርዝ አይወጋም።» እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ገና ቅርፊቱ ያለቀቀ ቁስል ከክንዱ ላይ አሳያቸው። «ድሮ የተከተብሁ ነኝ። ግን ለሰው ልጅ ከመስጠቴ በፊት ይኸው ከዚሁ ብልቃጥ በራሴ ላይ ደገምሁት።»

የኔታ ክንዱን ይዘው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። «አሁን ብትከትባቸው፣ ሙሉዬ ቀድሞ ተጋብቶባት ቢሆንስ?»

«ቁስሉ የወጣው ትናንት ነው ካሉ አልረፈደም። የዛሬውና የነገው ቀን የእኛ ነው። ቁይ ደርሰው እስኪመለሱ ግን …»

የኔታ እስኪጨርስ አልጠበቁትም። በቅሏቸውን አዙረው ነበር።

ከእንዳላማው ጋር ሲደርሱ ልጆቹ አለበልን ከበው አገኟቸው። ሙሉዬ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ውሃ ታጠጣዋለች፤ እሱ ጠጥቶ ያተረፈውንም ሌላው ተቀብሎ ጠጣ። የኔታ ይህን ጠዋት ሲያዩ ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን ግን በሩን እየጠቆሙ ጮኹ።

«ውጡ!» አሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ተሰምቶ አያውቅም። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። የኔታ ራሳቸው ገብተው የአለበልን ራስ ተቀበሉና፣ «አይዞህ፣ አልጣልሁህም። ከእንግዲህ አስታማሚህ እኔ ነኝ» አሉት።

ዘሪቱ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። እንዳላማው ነገሩን ሲያስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች።

«ባሌን የገደለ ልጄን ሊያክምልኝ ነው? አባቴ፣ እርስዎስ አረጁ እንበል፤ እኔ ግን አላበድሁም!»

እንዳላማው ሊመልስ አፉን ሲከፍት የኔታ ከጎጆው በር ላይ ሆነው በእጃቸው ከለከሉት።

«ዘሪቱ፣ ባልሽ በምን ይዋጋ ነበር?»

«በጠመንጃ ነዋ!»

«የማን ጠመንጃ?»

አገር ያውቀዋል፤ ከጣሊያን የማረከው ነው።

«ጠላት የሠራው ነው ብሎ ጣለው? የማረከውን አዙሮ ጠላቱን መታበት እንጂ! ይህም ምርኮ ነው፣ ልጄ። ፈንጣጣ ከጣሊያን በፊት የነበረ ጠላታችን ነው፤ ጣሊያን ከሄደም በኋላ ይቀመጣል። አጎትሽን የገደለው እሱ ነው። ይህችን ልጅ ደግሞ ሁለታችንም አንሰጠውም።»

ዘሪቱ አለቀሰች። እያለቀሰችም የሙሉዬን ክንድ ራሷ ገልጣ ያዘችለት። እንዳላማው በመርፌው ጫፍ ጫር ጫር አደረገና መድኃኒቱን ቀባ። ሙሉዬ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። የእሷን ያዩት ሌሎቹ ልጆችም ተሰለፉ፤ ለቅሶው የተጀመረው የወንዶቹ ተራ ሲደርስ ነበር።

«ዛሬ ጥቂት ነገር ይቀረናል» አለ እንዳላማው። «ትምህርቱ ለጊዜው ይዘጋ። ልጆቹም ለየብቻ ይሁኑ።»

«ጣሊያን ያልዘጋውን ትምህርት ቤት አንተ ልትዘጋው!» አሉ የኔታ። ግን ዘጉት።

ከሳምንት በኋላ ሙሉዬ አተኮሳት፤ ክንዷም አበጠ። ዘሪቱ አባቷን ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ይህም ከስድብ የባሰ ሆነባቸው። የኔታም በእንዳላማው ፊት የተማመኑትን ያህል በልጅቱ መደብ አጠገብ አልተማመኑም። ሲጸልዩ አደሩ። ትኩሳቱ በረደ፤ ቁስሉ ቅርፊት ያዘ፤ ከክንዷ በቀር ሰውነቷ ላይ አንድም አልወጣባትም። የየኔታ ደስታ ከልክ አለፈና ማሩን ለልጆቹ አደሏቸው። አለበልም ፊቱ ቢበሳሳም ነፍሱ ተረፈች፤ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ደበሎውም ተቃጥሎ ሌላ ተሰጥቶት ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት የኔታ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው ሥርዓቱን ተናገሩ። «ያልተከተበ ልጅ ከእኔ ዘንድ ፊደል አይቆጥርም። የሚያተኩሰው ልጅ፣ ገላው ላይ ቁስል የወጣበት፣ ተቅማጥ የያዘው፣ እስኪሽለው ከቤቱ ይቆይ፤ ያመለጠውን እኔ አስጠናዋለሁ። በአንድ ዋንጫ መጠጣት፣ በአንድ ደበሎ መተኛት ቀርቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ወገኖቼ። የተከተበ ልጅ ራሱን ብቻ አያድንም፤ በእናቱ ጀርባ ላይ ያለውን ታናሹንም ይጠብቃል። ያልታመመ ልጅ ዳዊቱን ቶሎ ይደግማል፣ አባቱን በእርሻው ይረዳል፣ እናቱንም አያስለቅስም። አንድ ልጅ ለጥቂት ቀን ቢቀር ትምህርቱ ይዘገያል፤ ታሞ ቢመጣ ግን ትምህርት ቤቱ ይሞታል።»

ትምህርት ቤቱን በእህል የሚረዱት ባላባት፣ ግራዝማች የሽዋስ፣ ይህ ለሌላው የተነገረ መስሏቸው በማግሥቱ ያልተከተበ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ደጁ ላይ ያገኙት ዘሪቱን ነው።

«ክንዱን ያሳዩኝ፣ ግራዝማች» አለች።

«የእኔን ልጅ? ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የቀረጥ ኬላ? ባቄላው ከማን ጎተራ እንደሚመጣ አታውቂም?»

የኔታ ከውስጥ ሰምተዋል። ባቄላው ቢቀር የቆሎ ተማሪዎቹ እንደሚራቡ ያውቃሉ። ብድግ ብለው ወጡና ከዘሪቱ ጎን ቆሙ።

«ባቄላዎን እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች ዘሪቱ። «ቢቀርብን እንለምናለን፤ ለምኖ ማደር ለተማሪ ነውር አይደለም። እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጄን እንዳልቀብር ያደረገኝ ይህ ክትባት ነው። የእርስዎንም ልጅ ሬሳ ከዚህ ደጅ ማስወጣት አልፈልግም።»

ግራዝማች ልጃቸውን አዩት፤ ዘሪቱን አዩ። ኋላ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን እጀ ጠባብ እስከ ትከሻው ሰበሰቡና፣ «እንዳላማው የት ነው ያለው?» አሉ።

በዚያ ክረምት ፈንጣጣ በየመንደሩ ዞረ። ቢተው በሄደበት ሁሉ ማር ተቀበለ፤ ተከትሎትም ሙሾ ተሰማ። ከየኔታ መንበሩ ደጅ ግን የልጆች የንባብ ጩኸት እንጂ ሬሳ አልወጣም።