የአልጣሽ ወንፈል

ክቡራትና ክቡራን፣ የስፖርት መምሪያችን ባልደረቦች፣ እዚያ ጥግ ተደርድራችሁ የምትስቁብኝ ሯጮቼም ጭምር!

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የስንብት ድግስ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ኃላፊያችን አቶ ይሄይስ ስለ እኔ ሲናገሩ "ይቺን የመሰለች ሴትዮ የት ነበረች? ምነው ቀድሜ ባወቅኋት!" እያልኩ ነበር የምሰማው። የቢሮዬ ልጅ ሰልማዬ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ስትደረድር ውላለች፤ አላህ ይስጥሽ። ጋቢውም በጣም አምሮብኛል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ለአትሌቲክስ አሰልጣኝ ጋቢ መስጠት "በቃሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ማለት አይደለም? ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።

ሙሄ ሹፌራችን ደግሞ በር ላይ ጠብቆ፣ "እትዬ ጥሩሐረግ፣ ፊሽካውን ዛሬ ለእኔ ይስጡኝ። ንግግሩ ሲረዝም እነፋዋለሁ" አለኝ። እምቢ ብያለሁ። ስለዚህ እስክጨርስ መስማት ነው እንግዲህ።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። ስለ አልጣሽ ሩጫ ነው የምነግራችሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን በየሻይ ቤቱ ስታወሩት እሰማለሁ፣ አንዳችሁም እንደ ሌላው አታወሩትም። እኔ ሳልሄድ ትክክለኛው ይነገር።

መቼም ሜዳችንን ነፋስ አያጣውም። የሙሄን ባርኔጣ ስንቴ ወስዶበታል! ያኔ ሥልጠናውን ስንጀምር ልጃገረዶቹ ከፊት መሮጥ አይፈልጉም ነበር። ከፊት የሆነችው ነፋሱን ትቀበላለች፣ ከኋላዋ ያሉት ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። ታዲያ ማን ሞኝ አለ? አንዷ ከአንዷ ጀርባ እየተሸጎጠች፣ ሩጫው የድብብቆሽ ጨዋታ ሆነብኝ። በሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ ቀስት አስምሬ አስረዳሁ፤ የሰማኝ የለም። አንድ ቀን ተናደድኩና "እናንተ ልጆች፣ በየቤታችሁ ወንፈል የለም?" ብዬ ጮኽኩባቸው።

ወንፈል የማያውቅ የዋግ ልጅ አለ? ዛሬ እኔ ያንቺን ማሽላ አርማለሁ፣ ነገ አንቺ የእኔን ታርሚያለሽ። የሰው ጉልበት በልቶ በተራው የቀረ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባልም ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ቀለለልኝ። አንዷ ዙሩን ትመራለች፤ ተራዋን ስትጨርስ ወደ ውጭ ወጣ ትልና ተከታይዋን በእጇ ታሳልፋለች። የዋግ ዝቋላዋ አልጣሽ ደግሞ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር።

አልጣሽ ከእኛ ሜዳ ተነሥታ ብሔራዊ ቡድን የገባች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ያለፈው የዓለም ሻምፒዮና ደረሰና በአሥር ሺህ ሜትር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተሰለፈች። ለወርቁ የታሰበችው ከሁለቱ አንዷ፣ ዮርዳኖስ ነበረች። የአልጣሽ ሥራ ከፊት ሆኖ መጎተት ነው። እኛ እዚሁ አዳራሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክለናል። አልጣሽ መራች፣ አሁንም መራች። ከዚያ ተራዬ አለቀ አለች መሰለኝ፣ ወደ ውጭ ወጣ ብላ በእጇ "እለፊ" አለች። ለማን መሰላችሁ? ከኋላዋ ለነበረችው ለሌላ አገር ሯጭ!

ልጅቷ ግራ ገብቷት ዞር ብላ አየቻት። አልጣሽ በኽምጣኛ፣ በእኛው የዋግ ቋንቋ፣ አንድ ነገር አለቻት። ያቺም ምስኪን እሺ ብላ ከፊት ወጣች! ሙሄ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ኽምጣኛ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ሆነ!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ግን አልሳቀም፤ "እጅግ የረቀቀ ታክቲክ" እያለ ይተነትናል። ምን ታክቲክ አለ! ስትመለስ ጠየቅኋት፦

"ለመሆኑ ምን አልሻት?"

"'ተራሽ ነው' ነዋ። ምነው እትዬ፣ ያጠፋሁት አለ?"

እንግዲህ ያቺ ሯጭ ነፋሱን ስትቀበል ቆይታ ደከመች። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ዮርዳኖስ ተፈተለከችና ወርቁን ወሰደች። ሌላዋ ልጃችን ብሩን አገኘች። አልጣሽስ? አራተኛ ወጣች።

ያን ቀን ጨፈርን፣ አገራችን አሸንፋለች። በማግስቱ ግን ገበያው ወሬውን ለወጠው። "ሜዳሊያዋን ለሰው ሰጥታ መጣች" ይባል ጀመር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቷ አያ ዋሴ ከዝቋላ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ቢሮዬ ገቡ። ሰልማ ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

"እታለም፣ ልጄን ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻት?"

"ወንፈል ነው፣ አያ ዋሴ። እርስዎ የሚያውቁትን ነው ያስተማርኳት።"

"ወንፈሉስ ደግ። የእሷ ማሳ መቼ ነው የሚታረመው?"

እኔ ጥሩሐረግ፣ ለሚኒስትር እንኳ መልስ የማላጣው ሴትዮ፣ "ሻይ ይምጣልዎ?" አልኳቸው። ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ያን ሰሞን ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነበር የከረምኩት። እዚህ አገር ቤት ሁሉም የሚያውቀውን ሥርዓት፣ ማንም ለማያውቅበት ዓለም አስታጥቄ ልኬያት ቢሆንስ? ልጅቷን ደግነት አስተምሬ ለጮሌ አሳልፌ ሰጥቻት ይሆን? ይሄ ነበር ጭንቀቴ።

በዚያ ላይ አልጣሽን ጅማቷን አሟት ከረመ። እናም የዘንድሮው የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ ደረሰ። ከቡድኑ ከቀረች በቃ፣ ዳግመኛ የሚያስታውሳት የለም። ሙሄ መኪናውን አስነሣ፣ አያ ዋሴንም ይዘን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሁለቱ ሲከራከሩ ነው የሄዱት፤ አያ ዋሴ "ቀስ በል" ይላሉ፣ ሙሄ "ኧረ አባቴ፣ በቅሎ እንኳ ቀድማን አለፈች" ይላል።

ስታዲየም ደርሰን መነሻው ላይ ባይ፣ ዮርዳኖስ ቆማለች። ገረመኝ። ያለፈው ሻምፒዮና አሸናፊ ስለሆነች ቦታዋ የተጠበቀ ነው፣ ማጣሪያ አያስፈልጋትም። ቤቷ ተኝታ እግሯን ማሳረፍ ሲገባት እዚህ ምን ትሠራለች? ሩጫው ተጀመረ፤ ዮርዳኖስ ፊት ወጣች። ያን ቀን ነፋሱ የጉድ ነበር። ዙር በዙር ላይ ብቻዋን ትቀበለዋለች፤ ደግሞ እየዞረች ታያለች። የምታየው አልጣሽን ነው። አልጣሽ ከጀርባዋ ተለጥፋለች። የመጨረሻው ዙር ላይ ሊገቡ ሲሉ ዮርዳኖስ ወደ ውጭ ወጣ አለችና በእጇ አሳለፈቻት። ከዚያ ሩጫውን ትታ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

አልጣሽ ሁለተኛ ሆና ገባች። ቡድኑ ውስጥ ናት!

አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ሙሄ "አቧራ ዓይኔ ገባ" እያለ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር፤ ጠርገን ስናበቃ አያ ዋሴ ከጎናችን የሉም። ለካ ለልጃቸው የያዙትን ዳቦና ማር ታቅፈው ወደ ሜዳው እየወረዱ ነው። ሰው "እንኳን ደስ አለዎት" እያለ ሊያቅፋቸው ቢሞክር በክርናቸው እየገፉ ያልፋሉ። ልጃቸው "አባ!" እያለች ስትሮጥ መጣች፣ ግንባሯን ስመው እሷንም አለፏት። እኔም ተከተልኳቸው። ሜዳው በር ላይ ጥበቃው አስቆማቸው።

"አባት፣ ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ማንን ፈልገው ነው?"

በጣታቸው ዮርዳኖስን አሳዩት።

"ያቺን ልጅ። በእኔ ማሳ ላይ ስትሠራ ውላ ባዶ ሆዷን ልትሄድ ነው?"

ጥበቃው ምን ይበል? አሳለፋቸው። አያ ዋሴ ሣሩ ላይ ተንበረከኩ፣ ዳቦውን ቆርሰው ማር አስነክተው አጎረሷት። የዓለም ሻምፒዮኗ አፏ ሞልቶ እንባዋ ይወርዳል። ከዋጠች በኋላ እንዲህ አለችን፦ "ያኔ ወርቁን ሳገኝ አልጣሽ አቅፋኝ 'ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው አይደል?' አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ 'አዎ' አልኳት። ቤቴ ስገባ ግን ከልቧ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበረኝም።"

አያ ዋሴ ወደ እኔ ዞር አሉ። "ደግ አስተምረሻታል፣ እታለም" አሉና ሁለተኛውን ጉርሻ አስከተሉ።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ እኔ ይህን ሰምቼ ነው ጡረታ የምወጣው። ሻምፒዮናው ሲደርስ አልጣሽ ትሮጣለች፤ ታሸንፍ ይሆናል፣ ላታሸንፍም ትችላለች። እኔ ግን ጋቢዬን ለብሼ እዚሁ አዳራሽ ከፊት ወንበር ነኝ፣ ሰልማ ቦታዬን ያዢልኝ። የምትተኩኝ ልጆች፣ ሯጮቹን ስትቆጡ ከልብ ተቆጡ፣ ስትታረቁ ደግሞ ቶሎ ታረቁ። አቶ ይሄይስ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሙሄ፣ መንገዱ ሁሉ ይቅናህ። ሰሃላም ፃግብጂም ወረዳ ሯጭ ልትመለምሉ ስትወጡ እግራችሁን እንቅፋት አይንካው። እናንተ ሯጮቼ፣ ጉልበታችሁ አይክዳችሁ፣ የለፋችሁለት ሰው አይርሳችሁ። የደከማችሁበት ማሳ ሁሉ "በላች ወይ? በላ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ባለቤት ያለው ይሁን። አሜን በሉ!