ከአልጣሽ ሙሾ የወጣ ዘፈን

ጠጋ በይ እናናዬ፣ ወንበሩ ለሁለታችን ይበቃናል። ደባርቅ ዛሬ ምን ብርድ ነው! ገብሱስ እንዴት ነው ዘንድሮ? ተመስገን ነው… እስቲ ስሚ፣ ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን። የእኛዋ ልጅ ናት እኮ! በዩቲዩብ አንደኛ ወጣች አሉ፤ አምስት ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። «ግጥምና ዜማ» የሚለው ላይ የራሷ ስም ብቻ ነው ያለው። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሰው ማስቸገር አትወድም…

ደግሞ ለቅሶ ደራሽ ናት። የሙሾ አውራጃችን የአልጣሽ ልጅ ቻላቸው ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦበት የሞተ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ አልነበር? እኛ ነጠላችንን ይዘን ስናለቅስ፣ እሷ ስልኳን ይዛ… እጇ እንኳ አልዛለም! ሲያለቅሱ ያልቀዳ፣ ዝም ሲሉ ይቆጨዋል… አይደል ተረቱ?

አልጣሽ ያን ዕለት ምን ብላ አወረደች?

«የሊማሊሞ ዙር ስንት ይሆን ቁጥሩ፣
ልጄን ያስቀረብኝ በየትኛው ዙሩ?»

ታዲያ ይኸ እንዴት ይጨፈርበታል? ጎበዟ «ልጄን» የሚለውን «ውዴን» አለችው፣ ከበሮ ጨመረችበት… አለቀ! ያቺን አንዲት ቃል ስንት ቀን አምጣ ወለደቻት ይሆን? አልጣሽማ ቻላቸውን ያማጠችው አንድ ቀን ነው…

ሰምና ወርቅም ታውቅበታለች። ወርቁን ለራሷ፣ ሰሙን ለአልጣሽ። ጧፍ ይሆናታል ብላ ይሆናላ!

ባለፈው ደባርቅ መጥታ ስትዘፍን አልነበርሽም? ዘፈኑ ሲጀመር ወጣቱ ዘለለ፤ አልጣሽ ግን ደረቷን ትደቃ ጀመር። እኛም ተከተልናት። እሷዬዋ ከመድረክ ላይ፣ «እናቶቼን ቅረጹልኝ! ዘፈኔ ነክቷቸው ነው!» ደስ አይልም? ስንቱ ዘፋኝ ነው ተመልካቹን ደረት የሚያስደቃ?

ኋላ አልጣሽ ተጠግታ፣ «ዘፈኑ ያንቺ ይሁን፤ ‹ልጄን› የምትለዋን ብቻ መልሽልኝ» አለቻት። እንዴት አድርጋ አቀፈቻት መሰለሽ! «እማማ፣ ወደ ስልኩ ፈገግ ይበሉ!» አነሣቻት፣ ለጠፈቻት፤ አገሩ ሁሉ «እንዴት ሩኅሩኅ ናት» አለ። እኔስ ሌላ ቃል መቼ ወጣኝ?

በሙት ዓመቱ አልጣሽ ያችኑ ሙሾ ብታወርድ፣ የሰፈሩ ልጅ «ውዴን» ብሎ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ አፏን ግን አትከፍትም። ይኸም ዝና ነው መቼስ…

ዳባት ደረስን አይደል? እኔ እንኳ ሁልጊዜ እመርቃታለሁ። አምላክ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ቤቷን ከኀዘን ይጠብቅላት፤ የራሷ የሆነ እንባ አያሳያት… ቃሉን ከየት ታመጣዋለች?