የወይዘሮ ቶይባ እግር

ባለፈው ግንቦት ከደሴ ወደ ወልድያ ስመለስ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ውርጌሳ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። እኔም አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከሦስት የመርሳ ሰዎች አጠገብ ተቀመጥሁ። አቶ ሲራጅ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ የጡት ካንሰር የያዛቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ቶይባ፣ እንዲሁም ደሴ በነርስነት የምትሠራው የአቶ ሲራጅ እህት ልጅ ሀስና ነበሩ።

ወይዘሮ ቶይባ ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት ወስደው መመለሳቸው ነው። የጠጡት ውሃ እንኳ አልረጋ ብሏቸው ግድግዳ ተደግፈዋል።

“ከእንግዲህ ደሴ አትውሰዱኝ፤ ቤቴ ልሙት” አሉ።

አቶ ሲራጅ አቀረቀሩ። ሀስና ግን በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ጫማቸውን አውልቃ፣ እግራቸውን በሻርፗ ሸፍና፣ ውስጥ እግራቸውን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ትጫን ጀመር።

“ምን ማድረግሽ ነው አንቺ ልጅ?” አሉ አቶ ሲራጅ። “የሚያማት ሆዷን፣ አንቺ የያዝሽው እግሯን!”

“አጎቴ፣ ሪፍሌክሶሎጂ ይባላል፤ እግር ላይ የተለዩ ቦታዎችን መጫን ነው። እንዴት እንደሚረዳ በውል አልታወቀም፤ ግን ማቅለሽለሹን፣ ድካሙንና ጭንቀቱን ያቀለለላቸው ሕሙማን አሉ።”

“ይህ ከረዳ ታዲያ ደሴ ድረስ ምን ያንከራትተናል?”

እዚህ ላይ ፈራሁ፤ ስንቱ ሕክምናውን አቋርጦ የሚቀረው እንዲህ እያለ ነውና። ሀስናም እጇን ገታ አደረገች።

“ወላሂ፣ እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱ። እግር ማሸት ካንሰርን አያድንም። ካንሰሩን የሚዋጋው ያ መድኃኒት ነው፤ ይሄ መድኃኒቱን እንዲችሉት ያግዛቸዋል እንጂ። እግራቸው ካበጠ ወይም ከቆሰለ ደግሞ አይነካም፤ ለሐኪም ነው የሚነገረው።”

አቶ ሲራጅ አሰብ አድርገው፣ “አንቺ ነገ ሥራሽ ላይ ነሽ። ቤትስ ማን ይይዝላታል?” አሉ።

“እርስዎ ነዎት።”

“እኔ? የሚስቴን እግር? ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?”

“ነቢያችን ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መስጊድ ሲነገር ሰምተው የለም?”

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወይዘሮ ቶይባ ዓይናቸውን እንደከደኑ፣ “ተዪው ሀስና፣ አታስጨንቂው። ስወልድም እጄን አልያዘኝ፤ ልማዱ አይደለም” አሉ።

ቃላቸው ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህም ይመስለኛል ሰውየውን የወጋቸው። አቶ ሲራጅ ብድግ አሉ፤ ከበርጩማው አጠገብ በርከክ ብለው፣ “የቱ ጋ ነው የሚጫነው?” ሲሉ ሀስናን ጠየቋት። እርሷም ጣታቸውን ይዛ አሳየቻቸው።

“ቀስ በል እንጂ፣ እግሬን የእርሻ ድንጋይ አስመሰልከው!” አሉ ወይዘሮ ቶይባ። በዚያ ቀን ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በጥቅምት መርሳ ገበያ አቶ ሲራጅን አገኘኋቸው። ባለቤታቸው አንድም ቀጠሮ ሳያስቀሩ መድኃኒቱን ጨርሰው ክትትል ላይ መሆናቸውን ነገሩኝ። አብዛኛውን ጊዜ እግራቸው ሲያዝ ማቅለሽለሹ ቀለል፣ እንቅልፋቸውም መለስ ይልላቸው ነበር፤ አጥሚትም መቅመስ ችለዋል። ለካ ሐኪም የሚሰጠውን ሳይተዉ እንዲህ ያለውን እርዳታ መጨመር ለበሽተኛው ጉልበት፣ ለአስታማሚውም ሥራ ይሰጠዋል።

“ምንም ያልረዳበት ቀንም ነበር” አሉኝ አቶ ሲራጅ። “ግን እግሯን ስይዝ ታወራኛለች። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ ምን እንደሚያስፈራት የሰማሁት ገና አሁን ነው።”