አማቴን አኩሪ አተር ያስለመድኩበት ክረምት

በእኛ ጊዜ እኮ "ይህን አልበላም" የሚል ሰው እንደ ዛሬው በየቤቱ አልነበረም፤ የቀረበውን በልተን ነው ያደግነው። እኔ ቤት ግን ነበሩ፣ አማቴ ኦቦ ድንቃ ነበሩ። የባለቤቴ አባት ናቸው፣ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ አካባቢ፣ እዚያ ብርዱ ላይ ገብስና ድንች ሲያርሱ የኖሩ። በደርግ ጊዜ ሚስታቸው ሞቱባቸውና እኛ ጋ አምቦ አመጣናቸው። ታዲያ ሲመጡ ስለት ይዘው መጡ። "ለነፍሷ ብዬ ትቻለሁ፣ ሥጋም ወተትም ቅቤም ዕድሜ ልኬን አልነካም" አሉ። ስለት ነው፣ ማን ይናገራል? ጾመኛ ደግሞ በዚህ አገር ሞልቷል፣ ጥራጥሬውም አትክልቱም ሞልቷል፣ ምን ይቸግራል ብዬ ነበር እኔ።

ለካ እሳቸው አትክልትም አይወዱም። ጎመን አይነኩም። ካሮት ሳቀርብ "ጣፋጭ ወጥ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ይላሉ። ቀይ ስር እጅ ያቀልማል ይላሉ። የገብስ ቂጣና ድንች፣ ድንችና የገብስ ቂጣ፣ በቃ ይኸው ነው። እና የኔ ልጆች፣ ያኔ ሁለቱም ትንንሾች ናቸው፣ አያታቸውን እያዩ ሳህኑን ይገፋሉ። "አባባ ያልበሉትን እኔም አልበላም" ይለኛል ትልቁ።

ክረምት ሲገባ የአባባ እግር ማበጥ ጀመረ፣ ጉንጫቸው ገባ፣ ከወንበር ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸውና ድሬሰሩ፣ ያኔ ሐኪማችን እሱ ነው፣ አገላብጦ አያቸው። "እህቴ፣ ሌላ በሽታ አላየሁባቸውም፣ ምግብ ነው ያነሳቸው" አለኝ። "ሥጋና ወተት ካልነኩ አኩሪ አተር ስጫቸው፣ አትክልትም ይብሉ፤ እንዲህ ከቀጠሉ አይከርሙም።" የዚያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም።

አኩሪ አተር ያኔ አዲስ ነገር ነው። የእርሻ ሰዎች ቆላው በኩል አስዘርተውት ገበያ መውጣት ጀምሮ ነበር። ገዛሁና እንደ ባቄላ ቀቀልኩት። ሽታውን ምን ልንገራችሁ፣ እንደ ጥሬ ሣር ነው። አባባ አንድ ፍሬ ቀመሱና፣ እንዲህ፣ በምላሳቸው ጫፍ መልሰው አወጡት። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ለበሬ ነው" አሉኝ። ልጆቹም ተከትለው ተፉ።

ዘይነባ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፣ ከደቡብ የመጣች ባለሱቅ። "ፈጭተሽ የቂጣው ዱቄት ውስጥ ደብቂው፣ ምን ያውቃሉ?" አለችኝ። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለ። ስለት ያለበት ሰው የሚበላውን አውቆ ነው መብላት ያለበት፤ አንዴ ከጠረጠሩኝ ከእጄ ውሃም አይጠጡም። እና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ድሬሰሩ ካልበሉ አይከርሙም ብሏል። እኔ ደብቄ አላበላዎትም። ምን ባደርገው ይበሉልኛል?"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ጎመን ለምን እንደማልበላ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ልጅ ሆኜ እህላችንን ውርጭ መታው። ክረምቱን ሙሉ ጎመን ብቻ በላን፣ ያለ ጨው፣ ያለ እህል። ታናሽ እህቴ ከዚያ ክረምት አልወጣችም። ጎመን ስታቀርቢልኝ እሷን ነው የማየው።"

እኔ ሰውየው አስቸጋሪ ናቸው ብቻ ነበር የምለው። "ጎመኑ ይቅር አባባ" አልኳቸው። "አኩሪ አተሩን ግን አብረን እንሥራው፤ እርስዎ እያዩት።"

ታዲያ ማጀት ገቡ፣ ያኔ ወንድ ማጀት መግባቱ ነውር ሆኖ ሳለ። እሳት ዳር በርጩማ አደረግኩላቸው። ዘፍዝፌ ያሳደርኩትን ቀቀልን፣ ውሃውን ደፋን፣ ልጣጩን በእጃችን እያሸን አወጣን፣ አሰጣን። ያ ሽታው ከውሃውና ከልጣጩ ጋር ሄደ። ሲደርቅ መቁላቱን እሳቸው ያዙ፤ ገብስ ሲያምሱ የኖሩ ሰው አይደሉ? "እሳት ቀንሺ፣ ቀንሺ፣ ይመራል" እያሉ። ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቀሉና አፋቸው ጨመሩ። አኘኩ። እኔ አፋቸውን አያለሁ።

"እሺ" አሉ፣ "ይሄን ሰው ይበላዋል።"

ልጆቹ ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ።

ከዚያ ወዲያ ቆሎው ተለመደ፣ እና እያወቁት እያስፈጨሁ የቂጣው ዱቄት ላይ እጨምር ጀመር፣ ካሮቱንም ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ሳበዛበት ጠርገው ይበሉ ጀመር። የእግራቸው እብጠት ጎደለ። ያንን ክረምት ወጡ፣ ከዚያም ብዙ ክረምት ከረሙ።

ምን አልሽ አንቺ? ጎመኑንስ?

አልበሉም። እስኪሞቱ አልበሉም፣ እኔም አላቀረብኩላቸውም። ልጆቹ ግን እሳቸው ፊት ይበሉ ነበር፣ እሳቸውም "ኛዻ፣ ብሉ" ይሏቸው ነበር። እና እናንተም ሰው ምግብ እምቢ ሲላችሁ ግትር ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ጠይቃችሁት የሚቀር ካለ ደግሞ ይቅር። ሁሉንም ማብላት የለባችሁም።