በሩን የሚይዝ የቤት ልጅ

— ሄሎ... አቤት ሙሽሪት፣ አካም ጅርታ? ... እኔማ ያው ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ። ... ቅዳሜ ሰርግሽ ሆኖ ዛሬ ስልክ ይዘሽ ትዞሪያለሽ? ሙሽራ እኮ ተሸፋፍና ነው የምትቀመጠው። ... እሺ፣ እሺ፣ ቀልዱን ትቻለሁ።

— ትሰሚኛለሽ? ቆይ መስኮቱ ጋ ልምጣ፣ እዚህ ጥግ ኔትወርክ የለም። ... አሁንስ? ... ጥሩ።

— አውቃለሁ፣ ትናንት ቀሚስ መለካት ነበረብኝ። ... መብራት ሄደብኝ እኮ ዝማሬ። ሻጋታዎቹ ያሉበት ሳጥን ሙቀቱ ከወረደ የስንት ጊዜ ልፋቴን አፈር በላው ማለት ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ ዞር ስትይ ይጠፋል፣ አጠገቡ ቆመሽ እንደ ሕፃን ማባበል ነው። ... አዎ፣ ያው የቡናው በሽታ፣ ከጊምቢ ያመጣነው ቅጠል። ... እንዴት ልተወው? ጅማ ማስተርሴን የሚያስተምሩኝ ፕሮፌሰር ውጤቱን ይዘሽ ካልመጣሽ እኔ ጋ ቦታ የለሽም ብለውኛል። ሰኞ ጅማ ነኝ፣ ታውቂያለሽ።

— ምን አልሽ? ... ድገሚልኝ እስቲ። ... ሚዜነቱን ለናኦሚ? ... ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ... ቀሚሱም በሷ ልክ ጠበበ። ... ገባኝ።

— አልተቆጣሁም። ... እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንደኛ ሚዜሽ እኔ ነኝ ስንባባል ኖረን! ... ልክ ነሽ፣ ሽማግሌ ሲመጣ አልነበርኩም። ሽብሩ ከአኖ ድረስ ሰው ይዞ ሲመጣ እኔ እዚህ ቅጠል እቆርጥ ነበር። ... ለልብስ ግዢውም ቀረሁ። ... እሱንም ቀረሁ። አትዘርዝሪብኝ በቃ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ።

— ኦቦ ጋሩማ፣ ማሎ፣ እባክዎ ሳጥኑን አይክፈቱት፣ እኔ አየዋለሁ። ... አይ፣ ቅዳሜም ከሰርጉ በፊት እኔው ነኝ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ። ... አንቺን አይደለም ዝማሬ፣ እዚህ አብረውኝ የሚሠሩትን ሰውዬ ነው። ቅዳሜ እኔ ልቆይልሽ ይሉኛል፣ እምቢ እላቸዋለሁ። ... እንጃ። ሌላ ሰው የነካው ሁሉ የሚበላሽ ይመስለኛል። ... አንቺማ ሳቂ።

— ታስታውሻለሽ ግን፣ ዲግሪ ስንማር? አንቺ የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ላብ ውስጥ ምን ሥራ ነበረሽ? ከክፍል ስትወጪ ቀጥ ብለሽ እዚህ። ውስጥ መብላት ክልክል ነው ስልሽ አንድ እግርሽን ኮሪደሩ ላይ አድርገሽ ቆሎ ትቆረጥሚ ነበር፣ ውጭ ነኝ ብለሽ። ... አዎ፣ ቦቆሎውንም! የላብ ጓንት አጥልቀሽ ነው የበላሽው። ... መብራት ሲሄድ ደግሞ በስልክሽ ታበሪልኝ ነበር። እኔ ሳህኖቹን ስቆጥር አንቺ የሰርግ ዘፈን ትለቂውና ቁጥሩ ይጠፋኛል፣ ከአንድ እጀምራለሁ። ... ያኔ ሥራውም አንቺም አንድ ቤት ነበራችሁ። አሁን አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ... ናፍቀሽኛል ዝማሬ። ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ ከዚህ በባጃጅ ቅርብ ነው፣ ማንም ይስቅብኛል፣ ግን ናፍቀሽኛል።

— አታልቅሺ። ቅዳሜ ዐይንሽ አብጦ ምን ልትሆኚ ነው? ... ሄሎ? ... ዝማሬ?

— እትዬ በዛብሽ! ስልኩን ከልጅዎ ወሰዱት? ደህና ዋሉ? ... እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ... አዎ፣ አሁን ነገረችኝ። ... ናኦሚ ጥሩ ልጅ ናት፣ ምንም አላልኩም። ... እንዴት? ... በር? ... እኔ ነኝ በር የምይዘው?

— እትዬ፣ እኔ እኮ የጎረቤት ልጅ ነኝ፣ የሞረዳ ልጅ። ሰርገኛ ሲመጣ በር ላይ ቆማ አላስገባም የምትለው እህት ናት። ... እህት እንደሌላትማ አውቃለሁ። ... "ሚዜ እንግዳ ነው፣ አጅቦ ይሄዳል። በር የሚይዝ የቤት ልጅ ነው።" ... እንደሱ ነው የሚያስቡት? ... መቼም አልነገሩኝም እኮ። ... እሺ። ... እሺ፣ እማ። ... አይ አላለቀስኩም፣ እዚህ አልኮል ይሸታል፣ እሱ ነው።

— እስቲ ስልኩን ለሷ ይስጧት። ... አንቺ፣ እናትሽን ሰማሽ? ... ስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት? ... አምስት ሰዓት? ከአኖ ተነስቶ በሰዓቱ የደረሰ ሰርገኛ አይቼ አላውቅም። ይሁን፣ እኔ ከጠዋት እመጣለሁ። ... አልቀርም አልኩሽ። ቆይ፣ እየሰማሽ ይሁን።

— ኦቦ ጋሩማ። ... ቅዳሜ እቆያለሁ ያሉኝ ነገር፣ አሁንም አለ? ... ገለቶማ። ... ቁልፉን ነገ እሰጥዎታለሁ። ... አዎ፣ ሳጥኑንም ይክፈቱት፣ እርስዎ ያውቁበታል።

— ሰማሽ? ... ቢበላሽማ ይበላሻል። ጅማ ሄጄ ሌላ ፕሮፌሰር ደጅ እጠናለሁ፣ እነሱ ሞልተዋል። ... እፈራለሁ እንጂ።

— ሽብሩን ግን አስጠንቅቂው፣ እንዲህ በዋዛ አላስገባውም። ከነሚዜዎቹ ፀሐይ ላይ አቆማቸዋለሁ። ... ሙሽራው ራሱ ይለምነኝ። ... አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ... ይዞሽ ሲወጣ፣ በሩ ጋ ስትደርሺ፣ ወደኔ አትዪ። ... በቃ አትዪ። አንቺ ወደ አኖ፣ እኔ በነጋታው ሻንጣ ልሸክፍ። ካየሽኝ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ በሩን አልለቅም። ... እውነቴን ነው፣ አልለቅም።

— በይ ግቢ፣ ይጠሩሻል። ... አንቺ ዝጊው። ... እሺ፣ እኔ ልዝጋው።